እኔ የጫልቱን፣ ጫልቱ የእኔን

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን አሞኝ ቡራዩ ወዳለ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ወጣቱ ሐኪም የእብጠትና የሕመም ማስታገሻ ሊያዝልኝ ብዕሩን አንስቶ፣ «እናቴ፣ ጨጓራ አለብዎት? እግርዎ ያብጣል?» ሲለኝ፣ የወጣትነት ጓደኛዬ ጫልቱ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሁለታችንም ሯጭ ለመሆን ሱሉልታ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ክረምቱ እየወጣ ነው፤ ሜዳው ገና ጭቃ፣ ጠዋቱ ቆፈን። በሶ በጥብጠን ጠጥተን እንወጣለን። ክለብ የሚያስገባው ማጣሪያ ስለቀረበ አርፎ መቀመጥ አቅቶን ነበር፤ እረፍት በተባልንበት ቀን እንኳ አስፋልቱ ዳር ወዲያ ወዲህ እንላለን። ጉልበታችን ግን አብጧል።

የሰፈራችን የመድኃኒት ባለሙያ ዘሃራ ለእኔ አይቡፕሮፌን፣ ለጫልቱ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ሰጠችን።

«ሯጭ ስለ ራሱ እውነቱን አይናገርም» አለችን። «አንቺ እሷን ተከታተያት፣ እሷም አንቺን። ሆድ ካቃጠለ፣ እግር ካበጠ፣ ሽንት ከቀነሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ።»

ከዚያ ወዲህ የጠዋት ሰላምታችን ተለወጠ። «አካም ቡልቴ?» ትለኛለች፤ ሳልመልስላት «ሆድሽስ?» ታስከትላለች። የእኔ መድኃኒት ትንሽ ያቃጥለኝ ነበር፤ ምግብ በልቼ ስውጠው ተወኝ። የእሷ ሆድ ሰላም ነው። «የእኔው ይሻላል!» እያለች ትስቅብኛለች።

አንድ ቀን ልምምድ ልንጀምር ስንል የጫማዋን ክር ስታላላ አየኋት። ካልሲዋን ዝቅ አድርጌ ቁርጭምጭሚቷን ብጫነው ጣቴ ያረፈበት ሰርጎድ ብሎ ቀረ።

«ሽንትሽስ?»

«ተይኝ ባክሽ! ውድድሩ ይለፍና እሄዳለሁ።»

«የምንሄደው አሁን ነው።»

«ቦታዬን ፈልገሽ ነው አይደል?»

ክው አልኩ። ከዚያ ጭቃውን እየረገጥኩ ሄጄ ዘሃራን ጠራኋት፤ እሷም መጥታ ጫልቱን ሆስፒታል ወሰደቻት። ኩላሊቷ መጎዳት ጀምሮ ነበር። መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ ቀስ በቀስ ዳነች። በማጣሪያው የመጨረሻዋን ቦታ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጫልቱ ወደ ሩጫ አልተመለሰችም።

ዛሬ ሰበታ ትኖራለች፤ ወልዳ ከብዳ፣ ጤነኛ ናት። ስንገናኝ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ታክሲው ወረፋ እናወራለን። ያን ጠዋት አንዳችንም አንስተነው አናውቅም። ለቦታው ብዬ እንዳላደረግኩት አምናኝ ይሆን? ባሰብኩት ቁጥር ልቤ እረፍት ያጣል። ያን እግር ዛሬም ባየው ያንኑ አደርጋለሁ። ለሰው ጤና መመኘት ቀላል ይመስላል፤ የሚከብደው፣ ያ ሰው ከጤናው አብልጦ ሌላ ነገር ሲመኝ ነው።