እሱ እጁን ያወረደበት ቃል

በደርግ ጊዜ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ሁላችንም ግራ እጃችንን ጨብጠን እናነሳለን። እኔ አንድም ቀን ከቃሉ ጋር አንስቼ አላውቅም። ሰው ብሎ ጨርሶ እጁን ሲያወርድ የእኔ ገና ሽቅብ ይወጣል። ሊቀመንበሩ አንዴ «ጓድ፣ አንተ ለሚመጣው ስብሰባ ነው የምታነሳው?» ብሎ አዳራሹን አስቆብኛል።

አብሮኝ የሚኖረው አስተማሪ ግን ሌላ ፍጡር ነበር። ሲናገር እጁ ከቃሉ ጋር ይነሳል፣ ከቃሉ ጋር ይወርዳል። ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ እንኳ እጁ ቀድሞ ያውቀዋል። የሚናገረው ነገር ከእኔ የተሻለ አልነበረም፤ ይህን ዛሬም እምላለሁ። ሰው ግን እሱን ይሰማል፣ እኔን ያዳምጠኛል ብዬ ስጠብቅ ጎኑን ያካል። እቀናበት ነበር።

የወደድኳት ልጅ የሞጣ ልጅ ናት፤ እኛው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ላግባሽ ስላት አንገቷን ደፍታ «ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። ክረምት ሲገባ ሞጣ አባቷ ቤት ሄደች፤ እኔም ሁለት አዛውንት ለመንኩ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ንግግር ላይ ግን ቁጥብ ናቸው። ስለዚህ ጓደኛዬን ጨመርኩላቸው።

አንደኛው አዛውንት አልወደዱትም። «ልጄ፣ ያላገባ ጎረምሳ ለሚዜነት እንጂ ለሽምግልና አይላክም» አሉኝ።

«አፉ ይጠቅመናል አባባ» አልኳቸው።

ጠያቂው ራሱ አይሄድምና እኔ ቢቸና ቀረሁ። እነሱ በጉንደ ወይን በኩል በዚያ ጭቃ ሄደው፣ ልጅቱን አስፈቅደውልኝ ተመለሱ። ጓደኛዬም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። እፎይ አልኩ።

የዚያን ቀን ነገር የማውቀው ከሚስቴ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ሆና ስታይ ነበር። ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ያሉትን ቃል በቃል ታወራዋለች። «እኛ የመጣነው ልጅ ልንወስድባችሁ አይደለም» ስትል መዳፏ ወደ ውጭ ይገፋል። «ልጅ ልንጨምርላችሁ ነው» ስትል ሁለቱም እጆቿ ቀስ ብለው ይወርዱና ልክ «ነው» ላይ ያርፋሉ። ሚስቴ በሌላ ጊዜ ስታወራ እጇን አታንቀሳቅስም፤ ተማሪ ስትቆጣ እንኳ ነጠላዋ ውስጥ ነው። ያ አወራረድ የማን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ከሰውየው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ኖሬያለሁ። እሱ ተዛውሮ ሄደ፣ እጁ ግን ቤቴ ቀረ፤ እንግዳው ሲስቅ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ወዳኝ ነው ያገባችኝ ወይስ ያን ቀን የሰማችውን ወዳ? ይህን ስንት ጊዜ በሆዴ እንዳመላለስኩት እኔ ነኝ የማውቅ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ የመጣች ጎረቤታችን ተቀምጣ ሳለ ሚስቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። ወሬው ወደዚያው ሲደርስ እንዝርቷን አስቀመጠች። ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ተናገረች፤ እጆቿም በየቦታቸው አረፉ። በዚህ ቀን ግን መታገሥ አልቻልኩም።

«እኔስ?» አልኳት። «ያን ጊዜ ላግባሽ ስልሽ ምን ብዬሽ ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። እጆቿ ጭኗ ላይ እንዳረፉ ነበሩ።

«አንተማ ደህና አድርገህ ነበር የነገርከኝ» አለችና እንዝርቷን አንስታ መፍተሏን ቀጠለች።