የወይዘሮ ወለተሥላሴ በር

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። በልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለ የጥብቅና ቢሮ ለልምምድ የተመደብሁ የሕግ ተማሪ ነኝና፣ ስለ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ለመጻፍ የምበቃ አይመስለኝም።

እርሳቸው የቢሮው ጸሐፊ ናቸው። ለፍቺ የሚመጡ ሴቶች ጠበቃ ፊት ከመቅረባቸው በፊት በእርሳቸው ጠባብ ክፍል ገብተው ያለቅሱ ነበር፤ ጉዳያቸውን በቅጡ የሚናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። «በሩን ዝጊውና ተቀመጪ» የዘወትር ሰላምታቸው ነበር።

ዘንድሮ ቢሮው ታደሰ። ተቀራርቦ ለመሥራት ይበጃል ተብሎ የውስጡ ግድግዳ ሁሉ ፈረሰ፤ ረጃጅም የጋራ ጠረጴዛዎች ገቡ፤ ለማንም ቋሚ መቀመጫ አልተተወም፤ ሁሉም ባገኘው ወንበር ይቀመጣል።

በመጀመሪያው ሰኞ ነስሪን የምትባል ባለጉዳይ ዐይኗ አብጦ መጣች። ወይዘሮ ወለተሥላሴ በልማድ፣ «በሩን ዝጊው ልጄ» አሏት።

«የቱን በር፣ እማማ?» አለ ቤኪ የተባለው ወጣት ጠበቃ ከጠረጴዛው ማዶ። ሁሉም ሳቁ። ነስሪን ዞር ብላ በሩን ፈለገች። ያገኘችው የመውጫውን ብቻ ነበር። ወጥታ ከውጭ ዘጋችው፤ ተመልሳም አልመጣችም።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ አንዲት ትንሽ ክፍል እንድትሠራላቸው ሥራ አስኪያጁን ለመኑ። «ይለመዳል፣ እትዬ» አሏቸው። አልተለመደም። ሴቶቹ በመግቢያው በር መስታወት አሻግረው አዳራሹን ያዩና ይመለሳሉ፤ እርሳቸውም ባገኙት ወንበር ተቀምጠው የሌላ ሰው ክስ ይተይባሉ።

ደመወዛቸው ከግብር በኋላ በወር ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው፤ የሚከፈላቸው ለትየባው እንጂ ከተዘጋው በር ኋላ ይሠሩት ለነበረው አይደለም።