ከሟቹ ስም በፊት ያለው ዝምታ

ማክሰኞ፣ ንጋት፤ ደሴ

ከደሴ የወጣነው የፒያሳ ሱቆች ሳይከፈቱ ነው። ጉም የጦሳን ተራራ እስከ ወገቡ ሸፍኖታል። ከኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ የጠቀለልሁት ሣጥን አለ፤ ሾፌሩ ሰይድ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ዞር ብሎ አየው።

«እትዬ፣ ኬላ ላይ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልበል?»

«የሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ማስተካከያ።»

«ማጉያ ብላቸውስ?»

«ማጉያ አይደለም።»

«ለፈታሽ ማጉያ ይቀለዋል፣ ወላሂ።»

ለአንባቢም ሳይቀል አይቀርም። እኔ ግን ይህን ሥራ የተማርሁት ዕድሜዬ ከሄደ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነውና በስሙ ካልጠራሁት ያመኛል። ኤፍ ኤም ጣቢያ ከስቱዲዮ የሚወጣውን ድምፅ ወደ ማሰራጫው ከመላኩ በፊት በዚህ ዕቃ ውስጥ ያሳልፈዋል። ዕቃው የጮኸውን ይጫነዋል፣ ያነሰውን ያነሣዋል፣ ሁሉንም አንድ ቁመት ላይ አሰልፎ ይለቀዋል። ለሰሚው ጣቢያው የጎላና የቀረበ ይመስለዋል። ተራራ አያሻግርም፤ ድምፁን ያስተካክላል እንጂ ሩቅ አያደርስም። የገዙት የላሊበላ ሬዲዮ ጣቢያ ሰዎች ይህን ልዩነት መስማት እንዳልፈለጉ በስልክ ስናወራ ገብቶኛል።

ሐይቅ ላይ ፉል በላን። መርሳ ላይ ሰይድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከአንዲት ሴት ጋር በፓፓያ ዋጋ ሲከራከር ቆየና በመጨረሻ በጠራችው ዋጋ ገዛ። ከዚያ እስከ ወልድያ ጣቢያ እየቀያየረ ነዳ። ሁሉም ይጮኻል። ዜናው ይጮኻል፣ የሳሙናው ማስታወቂያ ይጮኻል፣ ስለ ትዕግሥት የሚመክረው ሰውዬም ይጮኻል። ከነዚህ የአንዱን ጣቢያ ድምፅ ያስተካከልሁት እኔ ነኝ። የትኛው እንደሆነ ለሰይድ አልነገርሁትም።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት፤ ድልብ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ

ድልብ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሣጥኑን በእጄ እደግፈዋለሁ። ጋሸና ነፋሷ ጆሮ ይቆርጣል፤ ድንች በአዋዜ በልተን፣ ሻይ በሃያ ብር ጠጥተን ወደ ጠጠሩ መንገድ ታጠፍን። እዚያ ላይ የላሊበላውን ጣቢያ ያዝነው። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከማዶ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ይለያል።

«ይኸ ምን ጎደለው?» አለ ሰይድ።

እጄን ከሣጥኑ ላይ አላነሣሁም።

ላሊበላ ስንገባ የሆቴሉ ባለቤት ቁልፎቹ በሙሉ የተንጠለጠሉበትን ሰሌዳ አሳየን። «የወደዳችሁትን ምረጡ፤ ፈረንጅ ከቀረ ወዲህ ሁሉም ክፍል የእንግዳ ያለህ ይላል» አለን። ሲናገር አልሳቀም።

ረቡዕ፤ ጣቢያው

ጣቢያው ሁለት ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የስቱዲዮው ግድግዳ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ ጫማውን ያስወለወለ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ሥልጠና የወሰደ።

«እንኳን ደህና መጡ ኢንጂነር።»

«ቴክኒሻን ነኝ።»

«ያው ነው።»

ያው አይደለም፤ ተውሁት። ዕቃውን ስገጥም አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ሥር ቆመው ያዩኝ ነበር። ጋሽ አለባቸው ይባላሉ። ዱሮ የቅዳሜ ገበያ ላይ ከድንጋይ ላይ ወጥተው አዋጅ ሲለፍፉ የኖሩ ናቸው፤ አሁን በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የሕዝብ ማስታወቂያ ያነባሉ። የጠፋች በቅሎ፣ የክትባት ቀን፣ የእህል ዋጋ፣ የሞተ ሰው።

ከሳቸው የድሮ ቅጂዎች አንዱን ለሙከራ ከፈትሁ። ድምፁ መሐል ላይ ቆመ። ሽቦ የተነቀለ መስሎኝ ወደ ኋላ ዞርሁ።

«አልተበላሸም ልጄ» አሉኝ። «እኔ ነኝ ዝም ያልሁት። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦ። ሬዲዮ ሽማግሌ የለውም። ስለዚህ የሟቹ ስም ጋ ስደርስ ዝም እልና አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሆዴ እደግማለሁ። አገሩ ያውቀዋል። አለባቸው ዝም ካለ ሞት አለ። መርዶውን ያልተረዳ ሰው ያለበት ቤት፣ ጎረቤት ደርሶ ሬዲዮኑን ያጠፋል። ሰዉ ሳይደገፍ እንዳይሰማ።»

«የሙስሊም ሲሆንስ?»

«ለሱም ዝም እላለሁ። ዝምታ የማን ሃይማኖት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ። ዕቃው ጸጥታ ሲሰማ በራሱ ዘፈን እንደሚለቅ፣ ሰው መልሶ ሲናገር ዘፈኑን እንደሚያቋርጥ ከመመሪያው አንብቧል። የሠርግ ዘፈኖች የሞሉበት ፍላሽም አዘጋጅቷል።

«ይኸን ይክፈቱልኝ። ዝም ያለ ሬዲዮ የሞተ ነው የሚመስለው፤ ሰው ይቀይረዋል።»

«በማስታወቂያ ሰዓት ይዘጋ።»

«ማን ይዘጋል? ማን ይከፍታል? እኔ እዚህ ሦስት ሰው ነው ያለኝ፣ ኢንጂነር።»

ተከራከርን። በመጨረሻ እኔ ነኝ መካከለኛ መላ ያገኘሁት። የጋሽ አለባቸውን ቅጂዎች አንድ በአንድ ሰምቼ ዝምታቸውን ለካሁ፤ ከሁሉ የረዘመውን ወስጄ፣ በላዩም ጨምሬ፣ ዝምታው ከዚያ ካላለፈ ዕቃው ዘፈን እንዳይለቅ አድርጌ ሞላሁት። ለሳቸውም አስረዳኋቸው።

«እንግዲህ እንደ ልማዴ ዝም ብል አይዘፍንብኝም?»

«አይዘፍንም። ለክቼዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ» ብለው ወጡ። ልኬቴ ትክክል ነበር። ያን ቀን ማታ በሰላም ተኛሁ።

ሐሙስ፤ ገነተ ማርያም

ዕቃ ከተገጠመ በኋላ ወጣ ብሎ ማዳመጥ የሥራው ደንብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ገነተ ማርያም እንድሄድ ነገረኝ፤ እዚያ ብዙ አድማጭ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመለሱ ቀሳውስትን እያሳለፍን ደረስን። ሰይድ መኪናውን ከአንድ ሱቅ ፊት አቆመ። ባለሱቋ እንጉዳይ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሬዲዮኗ ከላይኛው መደርደሪያ፣ በሳሙናና በሻማ መሐል ተቀምጧል። ከባንኮኒው ፊት ዱካ ላይ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«አያ ምሥጋናው፣ ሰሞኑን ሱቄን ወደዷት» ትላቸዋለች ስኳር እየመዘነች። «ሰባት ሰዓት ሲሆን ከች ነው። አይገዙ፣ አይሸጡ። ሰው ሊያገባኝ ነው ብሎ እንዳያማዎት።»

«ጥላው ቀዝቀዝ ይላል ብዬ እንጂ።»

«ጥላማ ደጅዎ ያለው ወይራ አለልዎ።»

ሰይድ ሳቀ። እኔ የሬዲዮ ሰው መሆኔን ስታውቅ ድምፁ ከትናንት ወዲህ እንደጠራ ነገረችኝ። ወንድሟ ሲሳይ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርዷል፤ ሲመለስ ትልቅ ስፒከር ሊያመጣላት ቃል ገብቷል። ይህን ስትል አያ ምሥጋናው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ያኔ ገባኝ። ለጥላው አልመጡም። ዝምታው ሲመጣ ሬዲዮኑን ሊያጠፉ ነው።

ጋሽ አለባቸው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው ሱቋን ሞላት፤ ጋሸና ላይ የሰማነው ቀጭን ድምፅ አይደለም። የጤፍ ዋጋ ተነበበ። የጠፋች በቅሎ ከነምልክቷ ተነገረች። ከዚያ ዝም አሉ።

አያ ምሥጋናው ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ባትሪሽን ጨረስሽው ልጄ፣ ልዝጋልሽ» እያሉ በባንኮኒው ጎን ለመግባት ሲሞክሩ የስኳሩ ማዳበሪያ መንገድ ዘጋባቸው።

«ኧረ ይተዉት፣ አዲስ ባትሪ ነው።»

ልረዳቸው ተነሣሁ። እግረ መንገዴንም ሰዓቴን አየሁ፤ ልማድ ነው። ዝምታው ከለካሁት እኩል ሆነ። አለፈው። ከበሮ ተመታ፣ እልልታ መጣ፣ ሠርግ ሆነ።

እንጉዳይ ሳቀች። «የዛሬውስ ሙሽራ ነው» ብላ እጇን ዘርግታ ድምፁን ጨመረችው። አያ ምሥጋናው ባሉበት ቆሙ፤ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ ተመልሰው ዱካው ላይ ተቀመጡ። ዛሬም መርዶ አይደለም ብለው ነው። እኔ አፌን ልከፍት ስል ዘፈኑ ከቃል መሐል ተቆረጠ፤ የጋሽ አለባቸው ድምፅ ከላይኛው መደርደሪያ ወረደ፤

«ለሥራ መተማ ወርዶ የነበረው የገነተ ማርያሙ ሲሳይ…»

አንድም ፊደል አልጠፋም።

እንጉዳይ የስኳሩን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች። ከሁሉ የቀረብኋት እኔ ስለነበርሁ እኔን ጠየቀችኝ።

«የኛ ሲሳይ ነው?»

አያ ምሥጋናው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ነገ ጎህ ሲቀድ ልንነግርሽ ነበር። ሩቅ ያሉት ዘመዶች በሬዲዮ አስነግረው ቀደሙን» አሉ ከውስጥ። እሷ ግን መልሱን ከኔ ትጠብቅ ነበር። ሰይድ ነው ባንኮኒውን ዘሎ የያዛት። «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» ይላታል፣ የማያውቃት ሰው። ጩኸቷ በወጣ ጊዜ ሴቶቹ ከየቤቱ መሮጥ ጀመሩ፤ ሬዲዮኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ውጭ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ። ሥራ አስኪያጁ ነው።

«እሺ ኢንጂነር፣ እዚያ እንዴት ነው? ጠርቶ ይሰማል?»

«ጠርቶ ይሰማል» አልሁት።

ሐሙስ፣ ወደ ማታ፤ ላሊበላ

ጋሽ አለባቸውን ከጣቢያው አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወሬው ቀድሞኛል።

«ወረቀቱ ገነተ ማርያም ሲል» አሉኝ፣ «ሀገሩ አቀበት ነው፣ ቤቱ የተራራቀ ነው፣ ሰው እስኪደርስላት ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምሁት። አቡነ ዘበሰማያትን።»

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከዚያ የማውቀውን ብቻ ጠየቅኋቸው። «ላስረዝመው እችላለሁ። ስንት ላድርገው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር።

«እንደ ሰዉ ነው፣ ልጄ። ቁጥር የለውም።»

ገብቼ ዘፈን መልቀቂያውን ዘጋሁት። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ አዘነ፤ ማዘኑ የእውነት ነበር። «ግን ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ የርስዎም አይደለም» አለኝ። «እርስዎ ለክተው ሰጥተዋቸዋል። እሳቸው ናቸው ከልኩ ያለፉት።»

ከሱ አፍ ስሰማው ነው የገዛ ሥራዬን ያወቅሁት።

ዓርብ፤ መልስ

ጋሸና ሳንደርስ ሰባት ሰዓት ሞላ። ሰይድ ሬዲዮ ከፈተ። አንዲት ልጅ ታነባለች፤ ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው። የእህል ዋጋውን፣ የስብሰባውን ጥሪ፣ የሁለት ሟቾችን ስም በአንድ ትንፋሽ አስከተለቻቸው፤ አንብባ እንደጨረሰች የሠርግ ዘፈን ገባ። የዘጋሁት ተከፍቷል፤ መጠበቂያውም አጥሯል። ለሥራ አስኪያጁ ደወልሁ።

«ጋሽ አለባቸውስ?»

«የሞተ ሰው ስም ሌላ ያንብብ ብለው በራሳቸው ተዉት። ልጅቷን እንዴት አገኟት? ጭራሽ ዝም አትልም።»

ስልኩን ዘጋሁት። ዕቃው በደንብ ይሠራል፤ ልጅቷም ዘፈኑም አንድ ቁመት ላይ ተሰልፈዋል። ሰይድ እጁን ሰዶ ሬዲዮኑን አጠፋው።

«ለምን አጠፋኸው?»

መንገዱን እያየ ማርሽ ቀየረ።

«አጎቴ ድልብ ታሞ ተኝቷል ብለው ትናንት ማታ ደወሉልኝ» አለኝ። «ደርሼ በዓይኔ እስካየው፣ እትዬ፣ ባልሰማ ይሻለኛል።»