ፕሬዝዳንቶችን ልጽፍ ቃሊቲ የሄድኩ ዕለት

በንጉሡ ዘመን አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ፣ እንደኔ ያነበበ ወጣት አልነበረም። ይህን የሚል ሌላ ሰው ስለሌለ እኔው ልበለው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ንባብ የለመድኩት ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ፕሬዝዳንት የሚባል ነገር መኖሩንም ያወቅኩት ከዚያው ነው። ሰውየው ይመረጣል፣ ጥቂት ዓመት ይሠራል፣ ከዚያ ኮቱን አንስቶ ቤቱ ይገባል። ነገሩ በጣም ገረመኝና የዓለምን ፕሬዝዳንቶች በሙሉ በአንድ ደብተር ልጽፍ ተነሳሁ።

አቃቂ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ ያየኝ ሁሉ "እስቲ አንድ ቀልድ ጣል" ይለኛል። ስለዚህ አንድ እሁድ ጠዋት ማንም ወደማያውቀኝ ቃሊቲ ሄድኩ። ሙሉ ልብሴን ለብሼ አንዲት ቡና ቤት ጥግ ተቀመጥኩ፣ ደብተሬን ዘረጋሁ፣ አፌን ዘጋሁ።

ባለቤቱ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የጉራጌ ሰው ናቸው። ማኪያቶ ሳዝ "እሺ ጌታዬ፣ አሁን አመጣልዎታለሁ" አሉኝ። እኔን፣ አንቱ። ማንም አያውቀኝም ብዬ መምጣቴን ረሳሁና ዝናዬ ቃሊቲ ደርሷል አልኩ። አንድ አገር ስጨርስ ሁለተኛ ማኪያቶ ሳላዝ መጣ፣ ከነኬኩ። የተማረ ሰው ሲያመሰግን ራሱን ብቻ እንደሚነቀንቅ አይቼ ነበር፤ ነቀነቅኩ።

ስገባ ስለ ኳስ ይጨቃጨቁ የነበሩት ሰዎች ዝም አሉ። ለኔ ክብር ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ወጡ። ሦስተኛው አገር ላይ ስደርስ የቀረነው እኔ፣ ባለቤቱና ጆሯቸው የከበደ አንድ የባቡር ጡረተኛ ብቻ ነበርን።

ባለቤቱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ንጹሑን ጠረጴዛዬን በፎጣ ደግመው ወለወሉ።

"ጌታዬ፣ ባለፈው እሁድ እዚህ አንዱ ስለ መንግሥት የቀለደውን ከሆነ የሚጽፉት፣ እኔ አልሳቅሁም። የልጆች አባት ነኝ።"

ያኔ ገባኝ። በዚያ ዘመን ጥግ ይዞ ዝም ብሎ የሚጽፍ ጆሮ ጠቢ ነው። የያዝኩትን ኬክ ወደ ሳህኑ መለስኩ።

"ጋሼ፣ እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አሉ ቀስ ብለው።

ደብተሩን ብሰጣቸው ዘቅዝቀው ያዙት፤ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ መልሼ ተቀብዬ ተነሳሁና፣ ጡረተኛውም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

"ይሄ ፕሬዝዳንት ሥራውን ሲለቅ የመንግሥቱን መኪና ይመልሳል?" አሉ ጡረተኛው።

"ይመልሳል፣ አባባ።"

"በእግሩ ይሄዳላ። ሞኝ ነው።"

"ከኛ ዕድር ዳኛ ይሻላል" አለ ከወጡት አንዱ በመስኮት አጮልቆ። "የኛው ማኅተሙን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው።"

ባለቤቱ መጀመሪያ እኔን አዩ። ስስቅ ሲያዩ፣ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እሳቸውም ሳቁ። የወጡት ሁሉ ተመለሱ። እስከ ምሳ ሰዓት አስነበቡኝ፤ የዓለም ፕሬዝዳንቶችም ሦስተኛው አገር ላይ ቀሩ።

ጉሮሮዬ ሲደርቅ "ጋሼ፣ አንድ ማኪያቶ" አልኩ።

"እጅ የለህም እንዴ፣ አንተ" አሉኝ ከማሽኑ ጀርባ። "ና ውሰድ።"

ሄጄ ወሰድኩ። ኬክ አልነበረውም።