የማያምነው ዶሮ አራጅ

እኔ በእግዚአብሔር አላምንም፤ በፋሲካ ግን አምናለሁ። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። የገናን ድፎ ዳቦ፣ የመስቀልን ክትፎ፣ የፋሲካን ዶሮ ወጥ አንዱንም ዓመት አሳልፌ አላውቅም። በዓል ሲደርስ ቤቴን አጥባለሁ፣ ቄጠማ እጎዘጉዛለሁ፣ አቅሜ ከፈቀደ አዲስ ሸሚዝ እገዛለሁ። ቤተ ክርስቲያን ብቻ አልሄድም። ወጣት ሳለሁ እምነቴ ድምፅ ሳያሰማ ትቶኝ ሄደ፤ በዓሉ ግን እኔው ጋ ቀረ። ደግሞ ለምን ይሂድ? ያሳደገኝ እሱ ነው።

የምኖረው ኮልፌ ነው፣ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አባቴ በሠራው ቤት። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ልብስ ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር። በሰፈሩ የሚታወቀው ግን በንግዱ ሳይሆን በቢላዋው ነው። እንደምታውቁት ሴት ዶሮ አታርድም። ቤቷ ወንድ ከሌለ፣ በበዓል ዋዜማ ዶሮዋን ታቅፋ በራፏ ላይ ትቆምና ያለፈውን ወንድ ሁሉ «ወንድሜ፣ በሞቴ ይቺን እረድልኝ» ትላለች። እኛ መንደር ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ የፈታች፣ ባሏ ሾፌር ሆኖ በዓሉን መንገድ ላይ የሚውልባት ሴት ሞልታለች። አባቴ አንዷንም መንገደኛ ስትለምን ማየት አይወድም ነበር። ስለዚህ ሁሉም ወደ እኛ ግቢ ይመጡ ነበር።

እሱ በሞተ በመጀመሪያው ፋሲካ ሴቶቹ እግራቸው ለምዶ ወደ በራፋችን መጡ። እኔ ያኔ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ሥራ ጀምሬያለሁ፤ ማመን ካቆምኩም ቆይቻለሁ። ምን ልበላቸው? ቢላዋውን አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ አራጁ እኔ ነኝ።

ሳርድ ስሙን እጠራለሁ። ዶሮዋን ወደ ምሥራቅ አዙሬ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» እላለሁ፤ አላጉረመርምም፣ አላሳጥርም። ዶሮዋ የኔ አይደለችማ! ያን ሁሉ ጾም ሽሮና ጎመን ሲበሉ የከረሙት እነሱ ናቸው፤ የሚፈስኩትም በእምነታቸው ነው። እኔ በጾሙ ሥጋ ካማረኝ አየር ጤና ወርጄ፣ ማንም በማያውቀኝ ቤት ቁጭ ብዬ እበላለሁ። እናቴም ካለፈች በኋላ ብቻዬን ነው የምኖረው። ፋሲካ ጠዋት ከየቤቱ በሳህን ተሸፍኖ የሚመጣልኝ ወጥ፣ «ና እንጂ፣ ምን ተጎልተህ ቀረህ?» የሚለኝ ሰው ባይኖር፣ ቀኑ ለእኔ ተራ እሁድ ነው። በዓሌ እነሱ ናቸው።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዐቢይ ጾም፣ ይህን በዓሌን በገዛ አፌ ላጣው ነበር። አንድ አዲስ ጎረቤት ገብቶ ነበር፤ አየር ጤና የፍራሽ ሱቅ ያለው፣ ሰላምተኛ፣ ጾም ጸሎት የሚያበዛ ሰው። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበረና ድንኳን ውስጥ ካርታ ስንጫወት፣ ድንገት የንስሐ አባቴ ማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን መቼ ዝም ማለት አውቅበታለሁ? የንስሐ አባት እንደሌለኝ፣ እንደማላምንም አፌን ሞልቼ ነገርኩት። ካርታው ቆመ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ከልቡ ተጨንቆ፣ በየሴቶቹ ቤት እየዞረ፣ የማያምን ሰው ባረደው ጾማቸውን እንዳያበላሹ መክሯቸው ኖሯል። ለዶሮው እንዳያስቡም፣ የሁሉንም ራሱ እንደሚያርድላቸው ቃል ገብቶላቸዋል። እኔ ይህን ሁሉ አልሰማሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ቢላዋዬን ስዬ፣ ጆንያ አንጥፌ፣ በራፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ከየቤቱ የሚቁላላው ሽንኩርት ሽታ ሰፈሩን ሞልቶታል። ሌላ ጊዜ ይሄኔ ሴቶቹ ተሰልፈው «እኔ እቀድማለሁ፣ ሽንኩርቴ እያረረ ነው» እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር። አሁን ግን የሰው ዘር የለም። አንዷ ከሩቅ አየችኝና እንዳላየች ሆና ወደ ቤቷ ተመለሰች። አሟት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ!

ከፊት ለፊቴ ያለው ባለሱቅ አብሮ አደጌ ነው፤ ሙስሊም ነው። ለአረፋ በግ ሲያርድ ይጠራኛል፤ ቢላዋ ግን አያስነካኝም፣ «አንተ እግር ብቻ ያዝ» ይለኛል። ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ፊት ለፊት ነዋ የሚነግረኝ። ያን ጠዋት ዛሬ ወረፋ የለም ወይ ብሎ ሊቀልድብኝ መጣና ፊቴን ሲያየው ቀልዱን ተወው። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የሰማውን ሁሉ ነገረኝ።

ደሜ ፈላ። ሄጄ የሰውየውን በር ልቆረቁር ተነሳሁ፤ ባለሱቁ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። ትንሽ ቆይቶ ንዴቱ ሲበርድልኝ ሆድ ባሰኝ። ይህ የአባቴ ደጅ ነው። ሴቶቹ ሲወልዱ አውቃቸዋለሁ፣ ልጆቻቸውን አስተምሬያለሁ፤ አንዷ እንኳ መጥታ «እውነት ነው ወይ?» አትለኝም? ጆንያዬን ጠቅልዬ በሩን ልዘጋ ብድግ አልኩ።

ይሄኔ ከአጎራባች ግቢ እማማ ብቅ አሉ። እማማ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው ከሞቱ የቆዩ፣ በልጅነቴ አጥበው ያበሉኝ ሴት ናቸው። ጾሙን ሙሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከሰዓት ሳይሆን እህል አልቀመሱም። ጾሜ ይበላሻል ብሎ መፍራት ከተገባ መፍራት የሚገባቸው እሳቸው ናቸው። ቀይ አውራ ዶሯቸውን ነጠላቸው ላይ ታቅፈው በመንገዱ መሐል ቀስ ብለው መጡ። ሌላ ጊዜ ጥግ ይዘው ነው የሚሄዱት። አዲሱ ጎረቤት በራፉ ላይ ቆሟል፤ ሰላም ብለውት አለፉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ስሙን ስትጠራ ትቀልዳለህ?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም፣ እማማ። እንዴት በእርስዎ ዶሮ እቀልዳለሁ?»

«እንግዲያው ያዝ። የማምነው እኔ ነኝ፣ የጾምኩትም እኔ ነኝ። ካንተ የምፈልገው እጅህን ነው።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ግን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ጆንያዬን መልሼ አነጠፍኩ። ዶሮውን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ አባቴ ይለው እንደነበረው ቀስ ብዬ፣ ጥርት አድርጌ ስሙን ጠራሁ። እማማ «አሜን» ብለው በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። አልሄዱም።

ከዚያ በኋላ በሮቹ ይከፈቱ ጀመር። የመጀመሪያዋ እንቅልፍ ጥሏት እንዳረፈደች ነገረችኝ። ሁለተኛዋ ዶሮዋ አምልጣት ስትፈልግ እንደቆየች ማለች። ያቺ ከሩቅ አይታኝ የተመለሰችውማ፣ ምንም ሳታፍር፣ ተኝቼ መስሏት ልትቀሰቅሰኝ እንዳልፈለገች ነገረችኝ! ውሸታቸውን ሁሉ አመንኩላቸው፤ ለአንድ የማያምን ሰው መቼም ትልቅ ነገር ነው። ወረፋው እንደ ዱሮው ታጥፎ ባለሱቁ በር ደረሰ፣ ጭቅጭቁም እንደ ዱሮው ሞቀ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እጄ ደም በደም ሆኖ እንደ ሙሽራ እስቅ ነበር።

ወረፋው ሊያልቅ ሲል ጭቅጭቁ ድንገት ጸጥ አለ። ቀና ስል አዲሱ ጎረቤት መጨረሻ ላይ ቆሟል። አንዲት ነጭ ዶሮ በእግሯ ዘቅዝቆ፣ ከሱሪው አርቆ ይዟል። ግንባሩን አልቦታል። ተራው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሕይወቱ አርዶ እንደማያውቅ ነገረኝ። በልጅነቱ አባቱ፣ ካገባ በኋላ አማቱ ነበሩ የሚያርዱለት። ከንጋት ጀምሮ ጓሮ ገብቶ ሞክሯል፤ ዶሮዋ ዓይኑን ስታየው እጁ እምቢ አለው። ይሄ ሰው እኮ ነው የሰፈሩን ሁሉ አርዳለሁ ያለው!

ምላሴ ላይ ያልመጣ ነገር አልነበረም። ሱቁንም፣ ፍራሹንም፣ በየቤቱ የዞረበትንም እግሩን አንስቼ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ሴቶቹ ይጠብቃሉ፤ ባለሱቁ ሳቁን አፍኖ ይጠብቃል። ሰውየውን አየሁት። አፍሯል፤ ግን በሰው ሁሉ ፊት መጥቶ ወረፋዬ ላይ ቆሟል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን፣ እንደኔ እልህ፣ ያን ፋሲካ በሽሮ እውል ነበር።

«ቢላዋውን እኔ እይዛለሁ» አልኩት። «ስሙን አንተ ጥራ።»

ፊቱ ፈታ አለ። ጎንበስ ብሎ ክንፏን በሁለት እጁ ያዘ፤ እኔ አንገቷን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ «በስመ አብ» አለና ድምፁ ተቆረጠ። ጠበቅሁት። አንድ ዓይኑን ገልጦ ቢላዋውን፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ቲቸር» አለኝ፣ «አንተም በል። እባክህ፣ አብረን እንበለው።»

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ሁለታችንም ስሙን እኩል ጠራን፣ ቢላዋዬም ሥራውን ሠራ። ከኋላችን የቆሙት ሴቶች ሁሉ አንድ ላይ «አሜን» አሉ።