የጣይባ እንስራና ዋይፋዩ

ፈሪሃ ሙቀት አትወድም። ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ሙቀት አለመውደድ ምን የሚሉት ጣጣ እንደሆነ እሷን መጠየቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ስትከፍት ታዲያ ለዋይፋዩም አዘነችለት፤ ከትልቁ የውሃ እንስራ ጀርባ፣ ቀዝቀዝ ያለው ማዕዘን ላይ አስቀመጠችው። እንስራው የእናቷ የጣይባ ነበር። ጣይባ በዚያው ክፍል ሻይ ስትሸጥ መንገደኛው ሁሉ ከእሱ ይጠጣ ነበር። ከሞተች ወዲህ ግን ፈሪሃ በየጠዋቱ ትሞላዋለች እንጂ ማንንም አታስነካም።

ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ፈሪሃ በፓስወርዱ አሳበበች። "እየቆለፈ እየከፈተ መቼ ይሮጣል?" ብላ ጭራሽ አነሳችው። በማግስቱ ለምሳ የቆመ የደሴ አውቶቡስ መንገደኛ ሁሉ ደጇ ላይ ተኮልኩሎ በነፃ ቪዲዮ ያወርድ ጀመር።

በዚያው ቀን ጋሽ አየለ የልጃቸውን የሐረገወይንን የነርስነት ትምህርት ማመልከቻ ይዘው ከቀወት መጡ። ማመልከቻው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

"አይዞዎት ጋሼ፣ እኔ አደርሰዋለሁ" አለች ፈሪሃ ደረቷን ነፍታ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አስር ሆነ፤ የልጅቷ ሰርተፊኬት ሲላክ ግማሽ ላይ ተገትሮ ቀረ። እፍረቱ ከሙቀቱ ብሶባት፣ ጎረቤቷን ሞባይል ጠጋኙን ሸሪፍን ጠራችው።

"ቤትሽን ለአገር ሁሉ ከፍተሽ ጠበበኝ ትያለሽ?" ብሎ ሳቀባት።

ያነሳችው የፓስወርድ ቁልፍ አሮጌ ዓይነት ኖሯል፤ መሣሪያው በእሱ ሲሠራ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሸሪፍ አዲሱን ዓይነት መረጠላትና በአዲስ ፓስወርድ ቆለፈው፤ የደጁ ሰው እያጉረመረመ ተበተነ። ስልኩን ይዞ ዋይፋዩ አጠገብ ሲቆም ኢንተርኔቱ በረረ። ላፕቶፑ ወዳለበት ጠረጴዛ ሲመለስ ተንቀራፈፈ። ሸሪፍ እንስራውን አየ፣ ፈሪሃን አየ።

"እሱንማ እንዳታስበው!"

"ውሃ እኮ ሞገዱን ይውጠዋል፣ ፈሪሃ። መሃል ገብቶ ቆሟል።"

የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል፣ ከሶኬቱ አይነቀልም። የዋይፋዩም ገመድ ከማዕዘኑ አያልፍም። የሚነሳው እንስራው ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ አስር ተኩል።

"ተይው ልጄ" አሉ ጋሽ አየለ። "ከዚህ እንስራ እናትሽ ስንቴ አጠጥታኛለች። ሐረገወይን ለከርሞ ትሞክራለች።"

ፈሪሃ ይሄን አልቻለችም። "ኡሚ ብትሰማ ትገርፈኝ ነበር" አለች። "እንግዳ ባዶ እጁን ሰድዳ አታውቅም። አንሡት!"

ሦስቱ ተጋግዘው ከነመጠጫ ጣሳው ደጃፉ ላይ አወጡት። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ማመልከቻው ሄደ። ጋሽ አየለ መርቀው አልጠግብ አሉ።

ፈሪሃ እንስራውን ልታስመልስ ስትወጣ አንዲት እናት ጣሳውን አንስተው ሲጠጡ አገኘቻቸው።

"ምን የመሰለ ቀዝቃዛ ውሃ ነው! የማን ነው ልጄ?"

"የእናቴ ነው" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጣሳውን ተቀብላ ጠለቀችላቸው። "ይጠጡ፣ ልድገምዎት።"

እንስራው ወደ ማዕዘኑ አልተመለሰም።