ሽማግሌ ስንጠብቅ ያለፈው ይግባኝ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ፊቱን አጥቁሮ ወደ ሱቄ መጣ። የአባቱን የቦታ ማኅደር ኮፒ ከመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ከልክለውታል። "ኃላፊው ግን ሽማግሌ ላክና እንነጋገራለን ብሎኛል፤ ደግ ሰው ነው" አለኝ። ደግ ሰው ሲል ክው አልኩ። አክስቴ ይታይሽ ትዝ አለችኝ።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ እማር ነበር። አክስቴ የምትኖረው ደብረ ኤልያስ አጠገብ ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ ወንድሞቹ "መሬቱ የእሱ ብቻ ነበር" ብለው ተነሱባት። እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ መሬቱ ሲለካ ስሟ ከባሏ ስም ጋር ተጽፎ እንደሆነ ማየት። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገቡን አናሳይም አለ። እኔም ጠያይቄ፣ በክልከላው ላይ ለበላይ አካል ይግባኝ ማለት እንደምትችል፣ ጊዜው ግን አጭር እንደሆነ ነገርኳት።

ክረምቱ ሊወጣ ነው። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አክስቴ ግን መናኸሪያው በር ላይ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እያበላችኝ ዘና ብላለች። ሽማግሌ ልካለቻ! የሰፈሩ ትልቅ ሰው መሪጌታ ኃላፊውን አነጋግረውት "መስቀል ይለፍና ይምጡ፤ እርስዎን የመሰለ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም" ብሏቸዋል።

"አክስቴ፣ ማመልከቻውን ጽፌዋለሁ እኮ። ዛሬ እናስገባው" አልኳት።

"አንቺ ልጅ! ሽማግሌ መሃል ገብቶ ይግባኝ? መሪጌታን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

በእኛ አገር ሽማግሌ የያዘውን ነገር ወደ ሌላ መውሰድ ሽማግሌውን መናቅ ነው። ወጉን ዛሬም እወደዋለሁ። ይግባኙ ግን ወግ አይጠብቅም።

መስቀል እንዳለፈ ሄድን። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ለመሪጌታ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና "አዝናለሁ አባቴ፣ አሁንም አይቻልም" አላቸው። ማመልከቻውን ይዘን ወደ በላይ አካል ስንሮጥ ጊዜው አልፏል አሉን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መሪጌታ መንገዱን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። አክስቴ አንድ ቃል አልወቀሰቻቸውም።

መሬቱን ወንድማማቾቹ ወሰዱት። እሷም እኛ ዘንድ ኖራ ሞተች። ታማ ሳለች "መሬቱስ ይቅር፤ ስሜ ኖሮበት ይሆን?" ትለኝ ነበር።

ለጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ አወራሁት።

"ታዲያ ሽማግሌ አልላክ ነው የሚሉኝ?"

"ላክ እንጂ። ይግባኙን ግን ዛሬውኑ አስገባ። ሽማግሌዎቹ ቢቆጡህ እኔ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።"

ሱቁን ዘግቼ አብሬው ወጣሁ። መንገድ ላይ ያሳሰበኝ የመሪጌታ ነገር ነው። እናከብራቸዋለን ብለን የላክናቸው ለካ ወደሚታለሉበት ቦታ ኖሯል።